የተከፈተን ልብ ማን ይጠብቀዋል?

አንድ ሰው «ነገ ልደታ ነኝ» ካለ የአዲስ አበባ ሰው ወዲያው የሚረዳው የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንዳለው ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ፤ ባልቻ ሆስፒታልም አለ። በየሰፈሩ ደግሞ የጸሎት ቤቶች አሉ። ሕግ፣ ሕክምናና ጸሎት ተጎራብተው ይኖራሉ። ልቡ የተሰበረ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ በሮች አንዱን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ አንዳንዱም ሦስቱንም ሲያንኳኳ ዓመታት ያልፉበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሦስቱንም በሮች ይነካል። በአንዳንድ አገሮች መንግሥት የሰውን አእምሮ ለሰዓታት የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች በፈቃድና በቁጥጥር ለሕክምና እንዲውሉ መፍቀድ ጀምሯል። ክርስቲያን ይህን እንዴት ይመዝነዋል? በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ነገሩ ሲነሣ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «ይህ ምዋርት ነው፤ አለቀ» የሚል ነው። ሌላው «ሐኪም ካዘዘውና ሕግ ከፈቀደው ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሁለቱም ከሚገባው በላይ የፈጠኑ ይመስለኛል። ሁለቱም አንድ ነገር አይጠይቁም፦ ልቡ ተከፍቶ፣ ራሱን መጠበቅ አቅቶት የተኛውን ሰው በዚያ ሰዓት ማን ይጠብቀዋል?

ነገሩ ምንድን ነው?

ሳይኬዴሊክ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የሰውን ስሜትና እይታ፣ ራሱን የሚያውቅበትንም መንገድ ለጥቂት ሰዓታት ይለውጣሉ። ሲሎሳይቢን የሚገኘው ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች ነው። ኤልኤስዲ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ኤምዲኤምኤ በአሠራሩ ከእነዚህ ይለያል፤ ሆኖም ስለዚህ ሕክምና ሲወራ አብሮ ይነሣል። ኬታሚንም እንዲሁ።

ሕክምናው ኪኒን ውጦ ወደ ቤት መሄድ አይደለም። በመጀመሪያ ዝግጅት አለ፤ ሰውየው ታሪኩን ይናገራል፣ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል ይነገረዋል። ከዚያ መድኃኒቱን የሚወስድበት ቀን ይመጣል። በሲሎሳይቢን ይህ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠለጠነ ሰው ከአጠገቡ አይለይም። በመጨረሻ፣ ያየውንና የተሰማውን ከዕለት ኑሮው ጋር እንዲያያይዝ የሚረዱ ቀጠሮዎች ይከተላሉ። ተመራማሪዎች ይህን የሚሞክሩት በተለመደው መድኃኒት ላልተሻለው የድባቴ ሕመም፣ ከጦርነትና ከጥቃት በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ቁስል፣ እንዲሁም ሞት የቀረባቸው ሕሙማን ለሚይዛቸው ፍርሃት ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በእ.ኤ.አ. 2020 በድምፁ ሲሎሳይቢንን በፈቃድ መስጠት የሚቻልበትን ሕግ አጸደቀ፤ አገልግሎቱም በ2023 ተጀመረ። ተገልጋዩ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሐኪም ማዘዣ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ንጥረ ነገሩን ፈቃድ ባለው ማዕከል ውስጥ፣ ፈቃድ ያለው ሰው አብሮት ሆኖ እንጂ ወደ ቤቱ ይዞ ሄዶ ሊወስደው አይችልም። ኮሎራዶም በ2022 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ መንገድ ያዘች። አውስትራሊያ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ያገኙ የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ኤምዲኤምኤንና ሲሎሳይቢንን ለተወሰኑ ሕመሞች እንዲያዝዙ ፈቀደች።

በሌላ በኩል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኦገስት 2024 ኤምዲኤምኤን ለሕክምና ለማጽደቅ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። ከዚያ ቀደም ብሎ ጉዳዩን ከመረመሩት 11 አማካሪዎች 10ሩ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጡ በቀረበው ማስረጃ አልታየንም ብለው ነበር። ስለዚህ «ሳይንስ አረጋገጠው» ብሎ የሚያወራም፣ «ሁሉም ውሸት ነው» የሚልም እውነቱን አልያዘም። ጉዳዩ ገና እየተመረመረ ነው።

በእኛስ አገር?

በኢትዮጵያ ይህ ሕክምና አልተፈቀደም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት አባል ናት፤ ሲሎሳይቢን፣ ኤልኤስዲና ኤምዲኤምኤ በዚያ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ ተመዝግበዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 525 አደንዛዥና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። «ለመንፈሳዊ ጉዞ ነው» ወይም «ለሕክምና ነው» ብሎ በድብቅ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ መጨረሻው እዚያው ልደታ ችሎት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ከእነዚህ ጋር ስሙ የሚነሣ አንድ መድኃኒት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በሆስፒታሎቻችን አለ፤ ኬታሚን። በእ.ኤ.አ. 1962 በአሜሪካ የተሠራ ማደንዘዣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ጋር መዝግቦታል። ትንፋሽን እንደ ሌሎች ማደንዘዣዎች ስለማያፍን፣ ብዙ መሣሪያ በሌለበት የገጠር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኬታሚን በዓለም አቀፍ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ይግባ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የድርጅቱ ባለሙያዎች የተቃወሙበት ዋና ምክንያት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያሉ ሕሙማን ማደንዘዣ እንዳያጡ ነው። ይኸው መድኃኒት በጥቂት መጠን ሲሰጥ ከከባድ ድባቴ ፈጥኖ እንደሚያቀል ታይቷል። በአሜሪካ ከእርሱ የተገኘ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በ2019 ተፈቅዷል፤ የወሰደው ሰው ግን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት ግዴታው ነው። በሌላ አገር ደግሞ ይኸው ኬታሚን በጭፈራ ቤት ይሸጣል፤ ያለልክ የሚወስዱትን ሰዎች ሱስ ያስይዛል፣ ፊኛቸውንም ይጎዳል።

እንግዲህ ያው ብልቃጥ በአንድ ቦታ እናትን በቀዶ ሕክምና ያድናል፤ በሌላ ቦታ ወጣትን ያጠፋል። ብልቃጡን ብቻ እያየን «ቅዱስ ነው» ወይም «ርኩስ ነው» ብንል የምንፈርደው በግማሽ ማስረጃ ነው።

«ምዋርት ነው» ለሚሉ

ይህን የሚሉ ወገኖቻችን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በገላ. 5፥20 ከሥጋ ሥራዎች መካከል የተጠቀሰው ምዋርት በግሪኩ ፋርማኬያ ነው፤ መድኃኒት መቀመምንም፣ መርዝንም፣ አስማትንም ያመለክት ነበር። «ስለዚህ አእምሮን የሚለውጥ ነገር ሁሉ ምዋርት ነው» ይላሉ። ግን «ፋርማሲ» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። የቃሉ ሥር ብቻውን ከፈረደ በየአስፋልቱ ዳር ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ መኰነን ሊኖርብን ነው። ጳውሎስ ያወገዘው ከጣዖት ጋር የተቆራኘውን፣ ሰው በተቀመመ ነገር ስውር ኃይል ፍለጋ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ያው ጳውሎስ ባለ መድኃኒቱን ሉቃስን የተወደደ ብሎ ይጠራዋል (ቆላ. 4፥14)፤ ጢሞቴዎስንም ለሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስድ ይመክረዋል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ሕዝቅያስም የተፈወሰው በጸሎትና በበለስ ጥፍጥፍ ነው (ኢሳ. 38)። ጸሎቱ ለበለሱ ቦታ አልነፈገውም።

ይሁን እንጂ ከዚህ መልስ በኋላም የሚቀር ከባድ ነገር አለ። ኤፌ. 5፥18 ስለ ስካር ሲያስጠነቅቅ የሚጠይቀን፣ ማን ይገዛሃል ብሎ ነው። አማኝ የራሱን ልብ መሪ ለሌላ አሳልፎ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። በቀዶ ሕክምና የሚደነዝዝ ሰውም ለጊዜው ራሱን አይገዛም፤ ነገር ግን ለታወቀ ምክንያት፣ በልክ፣ ለታመነ እጅ፣ ተመልሶ ሊነቃ ነው። ሰካራም የሚሸሸው ከኑሮው ነው፤ ታካሚ ግን የሚታከመው ወደ ኑሮው ለመመለስ ነው። ልዩነቱ ይህ ከሆነ፣ ምክንያቱ፣ ልኩና እጁ ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

ሌላም አለ። ይህ ሕክምና ከሌላው መድኃኒት የሚለይበት ነገር አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰውየው በሚያልፍበት ልምድ በኩል ነው። ብዙዎች «እግዚአብሔርን አገኘሁ»፣ «ከሁሉ ጋር አንድ ሆንሁ» ብለው ይነሣሉ። በእ.ኤ.አ. 1962 በስቅለት ዓርብ፣ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት ምድር ቤት ውስጥ 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ዋልተር ፓንክ የሚባል ሐኪም ለአሥሩ ሲሎሳይቢን፣ ለአሥሩ ሌላ ነገር ሰጣቸው፤ ከላይ የሚደረገው የስቅለት አምልኮም በድምፅ ማጉያ ይሰማቸው ነበር። ሲሎሳይቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ጥልቅ መንፈሳዊ ልምድ እንደነበራቸው ተናገሩ። ሙከራው ዝነኛ ሆነ። ሆኖም ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1991 የታተመ የክትትል ጥናት አንድ የተደበቀ ነገር አወጣ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያን ቀን እጅግ ታውኮ የሚያረጋጋ መርፌ ተወግቶ ነበር። የመጀመሪያው ዘገባ ይህን አልተናገረም። የተባረኩት ተቆጠሩ፤ የታወከው ከምስክርነቱ ወጣ።

በኪኒን የመጣ የእግዚአብሔር መገኘት ስሜት የእግዚአብሔር መገኘት ነውን? እኔ የምለው ይህን ነው። እግዚአብሔርን ኪኒን ሊጠራው አይችልም፤ ኪኒን ሊከለክለውም አይችልም። ስሜት ስሜት ነው። መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ እንድንመረምር ታዘናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)፤ ዛፍም የሚታወቀው በፍሬው ነው። አንድ ሰው በሕክምናው ውስጥ ያየውን ነገር እንደ መገለጥ ይዞ ከወጣ ተሳስቷል። ከዚያ በኋላ ከወንድሙ ጋር ቢታረቅ፣ እንቅልፍ ቢያገኝ፣ ልጆቹን ማቀፍ ቢችል ግን ለዚያ ሰጪውን ማመስገን ነውር የለበትም። እንጀራ በልተን ስንጠግብ የምናመሰግነው እንጀራውን መገለጥ አድርገን አይደለምና።

መንግሥት ፈቀደ ማለት

አሁን ደግሞ «ሕግ ከፈቀደው ምን ችግር አለው?» ወደሚሉት እንምጣ። ለእነርሱ መልሱ በገዛ ታሪካችን ውስጥ አለ።

ሌባሻይ የሚባለውን ልማድ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን በብዙ ቦታ ዕቃ ሲሰረቅ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ያልጎለመሰ ልጅ ከዕፅ የተቀመመ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ያስጨሱትም ነበር። ልጁ ራሱን ይስትና ይወድቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይሮጣል። በወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት የያዘ ሰው ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም እንዲከፍል ይገደዳል። ይህ በጓዳ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሹማምንት የሚያውቁትና የሚፈቅዱት የወንጀል መመርመሪያ ነበር። ዘመናዊው የፍርድ ሥርዓት ሲመጣ ቀረ። ዛሬ ልደታ ችሎት ፊት ቆሞ «ልጁ ጠጥቶ እዚያ ቤት ስለወደቀ» ብሎ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ቢኖር ዳኛው ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ አእምሮን የሚለውጥ ነገር በመንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። ያ ፈቃድ ልጁን አልጠበቀውም። ክፋቱ የት ላይ ነበር? አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ልጁ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚል ድምፅ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ አእምሮው የተከፈተው ለእርሱ ጥቅም ሳይሆን ለሌሎች ነበር። ሦስተኛ፣ በዚያ ሁኔታ ያደረገው ነገር እንደ እውነት ተቆጥሮ በሌላ ሰው ላይ ፍርድ ይሰጥበት ነበር። አራተኛ፣ ሲነቃ ስለ እርሱ የሚጠይቅ አልነበረም።

አዲሶቹን ሕጎች በእነዚህ በአራቱ እንመዝን። በኦሪገን ሕፃን አይገባም፤ ፈቃድም የሚሰጠው አስቀድሞ፣ ሰውየው በሙሉ አእምሮው ሳለ ነው። አጋዡ የሰውየውን እጅ ወይም ትከሻ ሊይዝ ከሆነ ይህ እንኳ ቀድሞ በጽሑፍ መፈቀድ አለበት፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ የሚሰጠው «እሺ» የታመነ «እሺ» አይደለም። በአውስትራሊያ የሚያዝዘው ሐኪም አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። በጥናቶችም ዘንድ ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ለምሳሌ ሳይኮሲስ የነበረበት ሰው ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ሊባባስበት ይችላልና። እነዚህ ለሌባሻዩ ልጅ ያልተደረጉለት ጥበቃዎች ናቸው።

ያም ሆኖ ጥበቃው ተሰብሯል። በካናዳ በተደረገ የኤምዲኤምኤ ጥናት ውስጥ ሕክምናውን እንዲሰጡ የተሾሙ ሰዎች በታካሚዋ ላይ ከሥነ ምግባር ውጭ የሆነ ድርጊት ፈጸሙ። ከዚህ ጋር በተያያዘ አንድ የሳይንስ መጽሔት በ2024 በኤምዲኤምኤ ላይ ያተማቸውን ሦስት ጥናቶች ሰረዘ። ልብ በሉ፤ ጉዳት ያደረሰው ኪኒኑ አልነበረም። የተከፈተውን ልብ እንዲጠብቁ የተቀመጡት ናቸው። ሕግ በር ላይ ዘበኛ ያቆማል፤ የዘበኛውን ልብ ግን ሊሠራው አይችልም።

የእኛ ክፍል

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ኦሪገንና ወደ ካናዳ ብቻ መቀሰር አንችልም። በእኛም ዘንድ ሰዎች ልባቸውን ይከፍታሉ። ከሦስት ቀን ጾም በኋላ፣ በሌሊት፣ በድምፅ ማጉያ መካከል፣ የሚያለቅስ፣ የሚወድቅ፣ የሚጮኽ ሰው እናያለን። እግዚአብሔር በእንደዚህ ያለ ሰዓት እንደሚሠራ አምናለሁ፤ ነጻ የወጡ ሰዎችንም አውቃለሁ። ግን አራቱን ጥያቄዎች ለራሳችን እናንሣ።

መድረክ ላይ የወደቀችው እህት በስልክ ስትቀረጽ፣ ከዚያም ቪዲዮዋ ሲሰራጭ፣ ፈቃዷ የተጠየቀው መቼ ነው? ልቧ የተከፈተው ለእርሷ ፈውስ ነው ወይስ ለአገልጋዩ ስም? ከአንደበቷ የወጣው ቃል «አያትሽ ናት ያሰረችሽ»፣ «ጎረቤትሽ ናት» የሚል ክስ ሆኖ በቤተሰብ ላይ ሲፈረድበት፣ ከሌባሻዩ ልጅ ሩጫ በምን ይለያል? እዚያም ራሱን ያላወቀ ሰው የወደቀበት ቤት ሌባ ሆኗል፤ እዚህም የተጠራችው አሮጊት ቡዳ ሆናለች። በማግስቱስ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ያቺ እህት አልጋዋ ላይ ብቻዋን ስትተኛ ማን ደወለላት? ይባስ ብሎ «መድኃኒቱን ጣዪው» ተብላ የሚጥል በሽታዋ የተመለሰባት እህት ጉዳይስ በማን ይጠየቃል?

ጌታችን ይህን እንዴት እንዳደረገው ማርቆስ ጽፎልናል። ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማር. 7)። ወደ ኢያኢሮስ ልጅ ሲገባ የሚጮኸውን ሕዝብ አስወጣ፤ አባቷንና እናቷን ከሦስት ደቀ መዛሙርት ጋር ይዞ ገባ፤ እጇን የያዘው በወላጆቿ ፊት ነበር። ጉዳዩን ማንም እንዳያውቅ አዘዘ። ከዚያም የሚበላ እንዲሰጧት ተናገረ (ማር. 5)። ምስክር ባለበት መንካት፣ ሕዝብን ማራቅ፣ ምሥጢርን መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማሰብ፤ ኦሪገን በሕግ አንቀጽ ልትደርስበት የምትሞክረውን ጌታ በአንድ ክፍል ውስጥ አድርጎታል። ሁሉን የሚችለው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ እኛ ያለ ጥንቃቄ ሰውን የምንከፍተው በምን ሥልጣን ነው?

ታዲያ ምን እንበል?

እስቲ በኮሎራዶ የምትኖር አንዲት አማኝ እህት እናስብ። በዴንቨርና በአውሮራ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ይህች እህት ከአገር ስትወጣ ያየችው ነገር ለዓመታት እንቅልፍ ነስቷታል እንበል። ጸልያለች፣ መድኃኒት ወስዳለች፣ አልተሻላትም። «ይህን ብሞክር ኃጢአት ነው?» ብላ እዚህ ላለው ወንድሟ ደወለች።

እኔ ብሆን «ኃጢአት ነው» አልላትም። እንዲህ እላታለሁ፦ «እህቴ፣ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ፤ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶችና የቤተሰባችንን ሕመም ሁሉ ንገሪው። አንዳንዱ መድኃኒት ከዚህ ጋር አይስማማም፤ የያዝሽውንም በራስሽ አታቋርጪ። የግዛቱ ሕግ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አሁንም እንደሚከለክል እወቂ፤ ዜግነት ካላገኘሽ የኢሚግሬሽን ጉዳይሽን ሊያበላሽብሽ ይችላልና ጠበቃ ጠይቂ። ለሙከራ ወይም ለወሬ ብለሽ አትግቢበት። ከገባሽም እንደ መድኃኒት ውሰጂው፤ እንደ ቍርባን አትውሰጂው። የምታዪው ነገር ስለ እግዚአብሔር አዲስ ትምህርት፣ ስለ ሰውም ክስ ከሆነብሽ፣ በቃሉና በታመኑ ሰዎች ፊት አስቀምጪው እንጂ ቶሎ አትመኚው። ብቻሽንም አትሁኚ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየቀኑ እደውልልሻለሁ።» የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚጠይቀን ጊዜ ነውና።

ለአገራችንስ? ዛሬ ይፈቀድ ብዬ አልከራከርም። ይህ ሕክምና ለአንድ ሰው ሙሉ ቀን የሚቀመጥ፣ አንዳንዴም ሁለት የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በእ.ኤ.አ. 2003 የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው አድጓል፤ ከጦርነት የተመለሰው፣ የተፈናቀለው፣ የተደፈረችው ሲቆጠሩ ግን ቁስሉ ከሐኪሙ እጅግ ይበልጣል። ጠባቂ ሳይኖር በሩን መክፈት የሌባሻይን ዘመን መመለስ ነው። በሩ እንደተዘጋ ይኖራል ብሎ መተኛትም ሞኝነት ነው፤ ሕግ ከዘገየ ድብቅ ሻጭ ይቀድማል። የሚቀድመው ሥራ ጠባቂዎችን ማብዛት ነው። ለአእምሮ ሕክምና የሚሠለጥኑ ወጣቶች ከእናንተ መካከል ይነሡ። «ሳይካትሪ የእምነት ጠላት ነው» የሚለው ወሬ በቤታችን ይብቃ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሥፍራ የአእምሮ ሐኪሞችና አባቶች ተባብረው፣ የሚጠመቀው ሕመምተኛ መድኃኒቱንም እንዲወስድ አድርገዋል። በአስተምህሮ የምንለይበት ነገር ብዙ ነው፤ በዚህ ግን ከእነርሱ ብንማር አናፍርም።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ ነበር፤ ጥያቄው የመጣው ቆይቶ ነው (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር የደከመን ሰው ልብ የሚይዘው እንዲህ በቀስታ ነው። የሲሎሳይቢን ሕግ በአገራችን ቢወጣም ባይወጣም፣ በሚቀጥለው የወጣቶች ጸሎት ላይ አንድ ሰው ልቡን ይከፍት ይሆናል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ከሕዝቡ ለይታችሁ፣ ለብቻችሁ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆናችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እንዲቀጥል ንገሩት። የተናገረውን ለማንም አታውሩ። ሲረጋጋ የሚበላ ነገር ስጡት፤ ሰኞ ጠዋትም ደውሉለት።